ባለ ረጅም አፈሙዝ የኢላማ ሽጉጥ አመራረጥ፦ እንግሊዝ አገር ላላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ኮምቦልቻ ተመልሼ ከተቀመጥኩ ወዲህ እንግሊዝ አገር ያሉት የወንድሜና የእህቴ ልጆች፣ የጎረቤት ልጆችም ጭምር፣ ሲደውሉልኝ ሰላምታው ሳያልቅ ወደ አንድ ጥያቄ ይሄዳሉ። «አክስቴ፣ የኢላማ ተኩስ ክለብ ገብቻለሁ፤ ምን ዓይነት ሽጉጥ ልግዛ?» በርሚንግሃም ስኖር እኔም የአንድ አነስተኛ ክለብ አባል ሆኜ ለዓመታት እተኩስ ስለነበር ነው። በስልክ ተቆራርጦ የሚነገረው ስለማያጠግበኝ የማውቀውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

ዋናውን ሐሳቤን ከፊት ላስቀምጥ። አዲስ ገዢ ሱቅ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው አፈሙዙ ላይ ነው። እኔ ግን ከኋላው ጀምሩ ነው የምለው፤ ከእጀታው፣ ከእጀታው ወደ ኋላ ከሚወጣው ዘንግ፣ ከመሣሪያው ሚዛን። አፈሙዙን ሕጉ ለክቶ ሰጥቷችኋል። የኋላው ግን የእናንተ ምርጫ ነው፤ የምትመቱትም የምትስቱትም በእሱ ነው።

ሕጉን ሳያውቁ መምረጥ ስለማይቻል እሱን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1996 ስኮትላንድ ውስጥ ደንብሌን በምትባል ከተማ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና አንዲት መምህራቸውን በሽጉጥ ገደለ። ልጆቹ አምስትና ስድስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1997፣ ፓርላማው ሁለት ጊዜ ሕግ አወጣ፤ የመጀመሪያው ከ.22 ካሊበር (ካሊበር የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት በኢንች ነው) በላይ ያሉትን ሽጉጦች ከለከለ፣ ሁለተኛው .22ቱንም ጨመረ። በ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ እንኳ የሽጉጥ ተወዳዳሪዎቻቸው ለመለማመድ ልዩ ፈቃድ አስፈልጓቸዋል። ይህንን የማነሳው ክለብ ስትገቡ አዛውንቶቹ አባላት ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ነገሩ እንዲገባችሁ ነው። የእነዚያን ሕፃናት ሞት ረስቶ በሕጉ ላይ ማማረር ነውር ነው።

እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ ውስጥ በተራ ፈቃድ የሚያዘው ሽጉጥ የአፈሙዙ ርዝመት ከ30 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ደግሞ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ነው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከጎደለ የተከለከለ መሣሪያ ይሆናል። የተከለከለ ሽጉጥ ይዞ የተገኘ አዋቂ ሰው፣ ፍርድ ቤቱ የተለየ ምክንያት ካላገኘ በቀር፣ ቢያንስ አምስት ዓመት ይታሰራል። ሰሜን አየርላንድ የራሷ ሕግ ስላላት እዚያ ያላችሁ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም።

አፈሙዙ 30 ሳንቲ ቢሆንም አንድ ሽጉጥ እንዲሁ 60 አይሞላም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከእጀታው ኋላ በክንዳችሁ ሥር የሚዘረጋ የብረት ዘንግ ይገጥሙበታል። መሣሪያው እንግዳ የሚመስለው በዚህ ዘንግ ነው። እዚህ ላይ የምትጠነቀቁት አንድ ነገር አለ፤ ተነቃይ፣ ታጣፊ ወይም ተንሸራታች ሰደፍ ሕጉ ከርዝመት አይቆጥረውም። ባለፈው ለዓረፋ የመጣው የእህቴ ልጅ በስልኩ የሽያጭ ፎቶ አሳየኝ፤ ከሥሩ «ዘንጉ በቀላሉ ይፈታል» ተብሎ እንደ መልካም ነገር ተጽፏል። የልብስ ስፌት ሜትሬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ 30ንና 60ን በጠመኔ ምልክት አደረግሁለትና «ዘንጉ ተፈታ በል፤ አሁን የቀረው ስንት ነው?» አልኩት። በጣቱ ለካው፤ አርባ ምናምን ላይ ቆመ። በቂ ነበር። ዘንጉ በቋሚነት የተያያዘ መሆኑን ከሻጩ አፍ ብቻ ሳይሆን ከክለባችሁ ኃላፊም፣ ከፖሊስ የፈቃድ ክፍሉም አረጋግጡ።

ፈቃዱ ጉዳይ ላይ አጠር ላድርግ፤ ክለቡ ራሱ ይመራችኋል። በአገር ግዛት ሚኒስቴሩ የታወቀ ክለብ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ወር በሙከራ አባልነት ትቆያላችሁ። ሙሉ አባል ስትሆኑ ለአካባቢያችሁ ፖሊስ ማመልከቻ ታስገባላችሁ፤ ለምን እንደፈለጋችሁት በቂ ምክንያት ማቅረብ አለባችሁ፣ ክለብ ውስጥ ኢላማ መተኮስ በቂ ምክንያት ነው። «ራሴን ልጠብቅበት» የሚል ቃል ግን ከአፋችሁ እንዳይወጣ፤ በዚያ አገር ምክንያት አይሆንም። ሁለት ምስክሮች ይጠየቃሉ፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት በግል የሚያውቋችሁ፣ እዚያው ብሪታንያ የሚኖሩ፣ የቅርብ ቤተሰብ አባል ያልሆኑ። ወንድም ወይም እህት አይሆንም ማለት ነው። የሥራ ባልደረባ ወይም የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ።

ከሐኪማችሁም የጤና መረጃ ይጠየቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እዚህ የነበራችሁ፣ ወይም ቤተሰብ ጠፍቶባችሁ እዚያ ሆናችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ፣ ታክማችሁ ከሆነ አትደብቁ። የደበቀ ሰው በኋላ ሲገኝበት ፈቃዱም ይሄዳል፣ እምነቱም ይጠፋል። እውነቱን የተናገረ ሰው ጉዳዩ በሁኔታው ይታይለታል።

አንድ ቤት በኪራይ ተጋርታችሁ የምትኖሩም ብዙ ናችሁ። ፖሊስ ቤት መጥቶ የብረት ሳጥኑን ያያል። ሳጥኑ ግድግዳ ላይ የታሰረ ይሁን፤ ቁልፉ የት እንዳለ አብሮ አዳሪያችሁ፣ ወንድማችሁም ቢሆን፣ ማወቅ የለበትም። እኛ ቤት ቁልፍ የሁሉም ነው፤ የዚህ ሳጥን ቁልፍ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው። ይህንን ማድረግ የማትችሉበት ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ለጊዜው የክለቡን መሣሪያ እየተኮሳችሁ ቆዩ። የታወቀ ክለብ አባል በክለቡ ሜዳ ላይ የክለቡን መሣሪያ ያለ ግል ፈቃድ መተኮስ ይችላል።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። ከፊታችሁ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ራሱ የሚያጎርስ፣ ካዝናው እጀታው ውስጥ የሚገባ ሴሚ አውቶማቲክ ነው፤ ሕጉ ከፍ ያለ ካሊበር ያለውን ራስ ጎራሽ ስለማይፈቅድ ይህ ሁልጊዜ .22 ሪምፋየር ነው፤ ሪምፋየር ማለት መምቻው የቀለሁን ጠርዝ መትቶ የሚያተኩሰው ጥይት ነው። ከብራውኒንግ ባክማርክና ከሩገር ማርክ ዘር የመጡት በክለቦች ይታያሉ። ሁለተኛው ሪቮልቨር ነው፣ አባቶቻችን ስድስት ጎራሽ የሚሉት። ሪቮልቨር ራሱ ስለማያጎርስ በ.22ም በ.357ም ይገኛል፤ ታውረስ ሠርቷል፣ የቼኩ አልፋ ፕሮጅም ይሠራል።

ለጀማሪ .22 ግዙ። ይህንን ያለ ማመንታት ነው የምለው። ጥይቱ ርካሽ ነው፣ ርግጫው ትንሽ ነው፣ ድምፁ ዓይን አያስጨፍንም። ሰው ኢላማ የሚስተው በአብዛኛው ጥይቱ ሳይወጣ በፊት ድምፁንና ርግጫውን ፈርቶ እጁን ስለሚጨብጥ ነው። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለመንቀል ከባድ ነው። በ.22 የተማረች እጅ ወደ .357 ስትሄድ ጸጥ ብላ ትሄዳለች፤ በ.357 የጀመረች እጅ ግን ፍርሃቷን ይዛ ትቀራለች።

አሁን ስለ ረጅሙ አፈሙዝ ጥቅም። ረጅም አፈሙዝ ጥይቱን በራሱ ቀጥ አያደርገውም፤ አጭር ሽጉጥ በመያዣ ተይዞ ቢተኮስ ያው ቀዳዳ ላይ ይደጋግማል። ጥቅሙ የኋላውና የፊቱ ማነጣጠሪያ እንዲራራቁ ማድረጉ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 20 ሳንቲ ካለና የፊቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢንሸራተት፣ 25 ሜትር ላይ ጥይቱ ከ6 ሳንቲ በላይ ይስታል። ርቀቱ 40 ሳንቲ ከሆነ ስሕተቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 3 ሳንቲ ገደማ ብቻ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ ለማየት የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ውፍረት ከጎኑ ተመልከቱ፤ ያንን ያህላል። ስለዚህ ስትመርጡ የፊቱ ማነጣጠሪያ ከአፈሙዙ ጫፍ፣ የኋላው ደግሞ ከመሣሪያው መጨረሻ ላይ የተቀመጠበትን ፈልጉ። አንዳንዱ ላይ የኋላው ማነጣጠሪያ መሐል ላይ ተተክሎ ታገኙታላችሁ፤ የ30 ሳንቲ አፈሙዝ ዋጋ ከፍላችሁ ጥቅሙን ተነጠቃችሁ ማለት ነው። ዓይናችሁ ከደከመ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ መነጽር መግጠም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ማነጣጠሪያዎቹ መራራቃቸው ቁምነገርነቱ ይቀንሳል።

ርዝመቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላውን ተመልከቱ የምለው ለዚህ ነው። ዘንጉ ሕጉን ከማሟላት ሌላ ሥራ አለው፤ የፊቱን ክብደት ይመዝናል። በደንብ የተሠራ ዘንግ ያለው ሽጉጥ ሲነሳ አፈሙዙ አያጎነብስም፣ በእጃችሁ ላይ እንደቆመ ይቀራል። ቀጭን ሽቦ ብቻ የተገጠመበት ግን ርዝመት ሞላ እንጂ ሚዛን አላገኘም፤ አምስት ጥይት ሳትጨርሱ አንጓችሁ ይንቀጠቀጣል።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ አድርጉ። ሻጩ ባዶ መሆኑን ከፍቶ ያሳያችሁ፤ እናንተም በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁ ዳሱ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይሁን። ከዚያ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ አነጣጥሩና ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሦስት ጊዜ ተንፍሱ። ስትገልጡ የፊቱ ማነጣጠሪያ የት ሄደ? ወደ ታች ከወረደ የፊቱ ክብደት በዝቶባችኋል። ወደ ግራ ወይም ቀኝ ከሄደ እጀታው ለእጃችሁ አይሆንም። ሌላ አንሱና ድገሙት። ሰው ተሰልፎ ቢጠብቅም አትቸኩሉ።

ዘንጉ የት እንደሚያልፍም እዩ። ከክንዱ ሥር ገባ ብሎ፣ ሥጋ ሳይነካ ማለፍ አለበት። የአንጓን አጥንት የሚጫን ከሆነ በየተኩሱ ይመታችኋል። ስትፈትኑ ለተኩስ የምትለብሱትን ልብስ ለብሳችሁ ሂዱ፤ እንግሊዝ ብርድ ነው፣ ክረምት ላይ በወፍራም ጃኬት ነው የምትተኩሱት፣ ያኔ እጅጌው ከዘንጉ ጋር ይያያዛል። እህቶቼ፣ እናንተ ደግሞ ሰፊ እጅጌ ያለው ጅልባብ ወይም የሚንጠለጠል ነጠላ አድርጋችሁ አትተኩሱ። ራስ ጎራሹ ቀለሁን ወደ ቀኝ ሲተፋ ትኩስ ነው፤ ሻሽ ሥር ወይም አንገት ላይ ሲገባ ሰው ደንግጦ መሣሪያውን ወደ ጎን ያዞራል፣ አደጋው እሱ ነው። ሻሻችሁን አንገት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት።

ክብደቱን አስቀድሞ ለመልመድ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። እዚህ ያሉትን ልጆች የማለማምደው በሃይላንድ ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፣ ሁለት ሊትሩ ሁለት ኪሎ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንዱን ሊትር ለግማሽ ደቂቃ ያዙ፣ አሳርፉ፣ ድገሙ። ይህ ካደከማችሁ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ሪቮልቨር የመግዣ ጊዜያችሁ ገና ነው። አብሽሩ፣ በጥቂት ሳምንት ይለመዳል። በሁለት እጅ መያዝም ነውር የለበትም፣ የክለባችሁ ውድድር ከፈቀደ።

እጀታው ላይ የሚታየው ቀላል ነው። ምላጩ ላይ የሚያርፈው የሌባ ጣታችሁ የመጀመሪያ አንጓ ለስላሳ ሥጋ ይሁን። ጣቱ እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ከገባ እጀታው ቀጭን ነው፤ ጫፉ ብቻ ከደረሰ ወፍራም ነው። ግራኝ የሆናችሁ የቀኝ እጅ ቅርጽ ያለው የእንጨት እጀታ ቢያምራችሁም ተዉት። ምላጩ ሲሳብ መጀመሪያ ትንሽ ሄዶ ቆም ይላል፣ ከዚያ ሳይንቋቋ እንደ አንድ ነገር መልቀቅ አለበት። በዓለም አቀፍ ውድድር ለ25 ሜትር ሽጉጥ የምላጩ ክብደት ከ1 ኪሎ ማነስ የለበትም፤ ለጀማሪም ከዚያ በታች አልመክርም። በነገራችን ላይ ብዙ የ.22 ሽጉጥ ባዶውን ምላጩ ሲሳብ መምቻው የጥይት ቤቱን ጠርዝ ይጎዳል፤ ሱቅ ውስጥ ሳትጠይቁ አታስተኩሱት።

ሪቮልቨር የሚወድ ሰው ሐሳቡን በቀላሉ አይቀይርም፣ እኔም አልከራከርም። የ.357 ጥቅሙ .38 ስፔሻል ጥይትንም መጉረሱ ነው፤ .38ቱ ለስለስ ያለ ነው፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነው ደግሞ ወረቀቱን ክብ አድርጎ ስለሚቆርጥ ነጥብ ለመቁጠር ይመቻል። ፈቃዳችሁ ላይ ሁለቱም ካሊበሮች መጻፋቸውን ብቻ አረጋግጡ። አንድ ነገር ግን አደራ። ጥይቶቹ በሚገቡበት የሪቮልቨሩ ተሽከርካሪ ጎራሽና በአፈሙዙ መካከል ክፍተት አለ፤ ሲተኮስ በዚያ በኩል እሳትና የእርሳስ ብናኝ ይወጣል። አፈሙዙ ረጅም ስለሆነ ሁለተኛ እጃችሁን እንደ ጠመንጃ ወደ ፊት ልካችሁ አፈሙዙን ለመደገፍ ያምራችኋል። አታድርጉት። ጣት ያቃጥላል፣ ይቆርጣልም። ሁለቱም እጅ እጀታው ላይ ይቆይ።

ያገለገለ መግዛት ጥሩ ነው፤ እነዚህ መሣሪያዎች ብዙ የማይበላሹ ናቸው፣ ብዙ ሰውም ሞክሮ ይተዋቸዋል። ግን ከአጭር ሽጉጥ አፈሙዙ ተቀይሮ የተረዘመ ከሆነ አትንኩት፤ አንዴ የተከለከለ መሣሪያ የነበረ ቢቀየርም በሕጉ የተከለከለ ሆኖ ይቀራል። ረጅሙ አፈሙዝ በሌላ ረጅም አፈሙዝ የተተካበት ከሆነ ደግሞ የፍተሻ ማኅተሙን እዩ። በርሚንግሃም ውስጥ ከ1813 ጀምሮ የሚሠራ የመሣሪያ መፈተሻ ቤት አለ፤ መሣሪያውን በኃይለኛ ጥይት ፈትኖ ችሎ ያለፈውን ማኅተም ይመታበታል። ያልተፈተነ መሣሪያ መሸጥ በሕግ ክልክል ነው። አፈሙዙ ከተቀየረ በኋላ የተመታ ማኅተም አፈሙዙ ላይ ከሌለ ዋጋው ምንም ቢረክስ ጥላችሁት ውጡ። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ጠመዝማዛው መስመር ጥርት ብሎ ይታይ። የአፈሙዙ ጫፍ ላይ ጭረት ካለ ጥይቱ ሲወጣ ሚዛኑ ይዛባል። ዘንጉን ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ይጠገን በሉ። መጨረሻ ላይ የመሣሪያውን ቁጥር ከሰነዱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ጥይት ላይ የ.22 ራስ ጎራሽ መራጭ ነው። አንዱ ሽጉጥ አንዱን ጥይት ይወዳል፣ ሌላውን ይተፋዋል ወይም ያንቀዋል። አንድ ዓይነት በብዛት ከመግዛታችሁ በፊት ከሦስት አራት ዓይነት አንድ አንድ ፓኬት ወስዳችሁ ሞክሩ። እዚያው በርሚንግሃም አጠገብ የሚሠራው ኢሌይ አለ፣ የጀርመኖቹም አሉ። ለራስ ጎራሽ ፈጣን የሚባለውን መግዛት ግድ አይደለም፤ ለኢላማ ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄደው ተራው ይሻላል፣ ሽጉጡ ካልጎረሰው ብቻ ከፍ በሉ። ተኩሳችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ በተለይ ቤት ውስጥ ሕፃን ያላችሁ።

ከልቤ የምጨምረው አለ። ከሦስት ወር ልምምድ በኋላ ልባችሁ ወደ ረጅሙ ሽጉጥ ካልሄደ አትግዙት። ዋጋው ከ.22 ጠመንጃ ጋር ሲተያይ፣ ጠመንጃው የተሻለ ነጥብ ይሰጣችኋል። የሽጉጥ ስሜት ብቻ የምትፈልጉ ደግሞ የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ አለላችሁ፤ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ጉልበቱ ከ8.1 ጁል የማይበልጥ የአየር ሽጉጥ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ስኮትላንድ ግን ከ2016 ማብቂያ ጀምሮ ለአየር መሣሪያም ፈቃድ ያስፈልጋል። በአየር ሽጉጥ የተማረ እጅ የትም አያፍርም።

አገር ቤት ስትመጡ ይዛችሁ እንዳትመጡ። እዚህ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባት ወንጀል ነው፣ የእንግሊዝ ወረቀት እዚህ ፈቃድ አይሆንም። የፎቶ ነገርም አለ። በእኛ አካባቢ መሣሪያ ሲታይ ወይ ሰርግ ነው ወይ ጦርነት። መሣሪያ ይዛችሁ የተነሳችሁትን ለእናታችሁ ብትልኩ ሌሊቱን እንቅልፍ ታጣለች። የተበሳውን የኢላማ ወረቀት ላኩላት፤ ነጥቡን ቁጠሩና ከሥሩ ጻፉበት።

ስትገዙ ፈቃዳችሁ ላይ ያ ዓይነትና ያ ካሊበር አስቀድሞ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን አውጥታችሁ አንብቡ። መሣሪያውን ከሻጩ እጅ በእጅ ትረከባላችሁ፣ ሻጩም ፈቃዳችሁ ላይ ይጽፍበታል። በሰባት ቀን ውስጥ እናንተም ለፈቃድ ክፍሉ ታሳውቃላችሁ። የዚያኑ ቀን ማታ ላኩት፤ ነገ ከነገ ወዲያ እያለ ሰባት ቀን ያልፋል። ከሱቅ ወደ ቤት ስትሄዱ በተዘጋ ሻንጣ፣ ጥይቱ ለብቻ፤ መንገድ ላይ ጓደኛ ቤት ጎራ ሳትሉ ቀጥታ ወደ ሳጥኑ።